ገማቾች ጎጃም በረንዳ መጡ

መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ውስጥ የኬሻ አፍ አይቶ ባቄላ የሚገዛ ነጋዴ የለም። አፉ ላይ ያለው ባቄላማ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ሻጩ አበጥሮ ያስቀመጠው ነው። ገዢ ሹል ብረቱን ይዞ ይመጣና ኬሻውን ከላይ ይወጋል፣ ከመሀል ይወጋል፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ይወጋል። በብረቱ ቦይ እየተንሸራተተ እፍኝ እፍኝ ባቄላ መዳፉ ላይ ይወርድለታል። ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ አንዷን በጥርሱ ሰበር አድርጎ መድረቋን ያረጋግጣል። ዋጋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አማኑኤል ጀርባ ተወልጄ፣ ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም በዚህ በረንዳ እያለፍኩ ስላደግሁ፣ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ እንዲህ የሚመዘን ይመስለኝ ነበር። ተመራማሪ ሆኜ ራሴ ለሚዛን እስክቀርብ ድረስ ማለቴ ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ መምህር ሲመዘን የሚታየው የኬሻው አፍ ብቻ ነበር። «ስንት ጽሑፍ አሳተምሽ?» ይሉሻል፤ ትቆጥሪላቸዋለሽ፤ አለቀ። ጽሑፉን ማን አነበበው፣ ማንን ጠቀመ፣ ያስተማርሻቸው ልጆች ምን ሆኑ ብሎ ከመሀል የሚወጋ የለም። ነገሩ የገባቸው ባልደረቦች ታዲያ ዘዴ አበጁ። አንዱ፣ ቢሮው ከቢሮዬ ፊት ለፊት ነው፣ በነቀዝ ላይ የሠራውን አንድ ጥናት ሸንሽኖ ክንፏን ለብቻ፣ እግሯን ለብቻ፣ እንቁላሏን ለብቻ አሳተመ። «ነፍሷ ቀረች እኮ» ብዬው ለወራት አኩርፎኛል። አንደበቴ ክፉ ነው፤ እናቴም ትለኛለች።

እኔም የማጠናው ነቀዝን ነው። የእኔዋ ነቀዝ ግን የምትኖረው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ጎጃም በረንዳ መጋዘን ውስጥ ነው። ባቄላና ሽምብራ፣ አተርና በቆሎ ትበላለች፤ ጤፍን ብቻ አትደፍረውም። ነጋዴዎቹ የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ነበር፤ የነቀዝ ክኒን የሚሉት፣ በኬሻው መሀል ጣል የሚደረግ፣ ነቀዙን የሚገድል ባለቤቱንም የሚያሳምም መርዝ። እኔ ይዤ የሄድኩት ውስጡ ወፍራም ላስቲክ ያለው፣ አየር የማያስገባ ከረጢት ነው። እህሉ በደንብ ደርቆ ይገባል፣ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ነቀዟ ያላትን አየር ጨርሳ በራሷ ጊዜ ትሞታለች። መርዝ የለ፣ ሽታ የለ። ወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም።

አይጥ ግን ወረቀት አታነብም። የመጀመሪያዎቹን ከረጢቶች ሳምንት ሳይሞላ ወንፊት አደረገቻቸው። ስለዚህ ከረጢቱን በጣውላ ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ መጋዘኑን መጥረግ፣ የግድግዳውን ቀዳዳ መድፈን መጣ። ከሁሉም በላይ ድመት መጣች። በየመጋዘኑ አንዳንድ ድመት ባይኖር ኖሮ ከረጢቴ እስከዛሬ የአይጥ መጫወቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ታዲያ «ድመት አሳድጉ» የሚል ጽሑፍ የሚያትም መጽሔት የት ይገኛል? አንዱ ዘንድ ልኬ «አዲስ ነገር የለውም» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፣ ለድመቷም አዲስ አልነበረም።

በረንዳው ላይ ከሁሉ ይበልጥ የምቀርበው ሁለት ሰዎችን ነበር። አንዷ ሽምብራና ምስር የሚነግዱት እትዬ ናቸው። እትዬ አፋቸው አያርፍም፤ ገዢውንም ሻጩንም አላፊውንም ያወራሉ፣ ማንም ከሌለ ድመቷን ያወራሉ። ሁለተኛው፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ትልቁ የባቄላ መጋዘን ባለቤት ሐጂ ናቸው። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው እዚያው በረንዳ ላይ የሸበቱ ቀጭን ሰው ናቸው። ሐጂ ቃል ይሰስታሉ፤ ከቃል ሁሉ ደግሞ ቁጥር ይሰስታሉ። በዓመት ስንት ኬሻ እንደሚገባላቸውና እንደሚወጣላቸው ባለቤታቸው እንኳ አያውቁም። እኔም መጋዘናቸው ውስጥ ስመላለስ ኖሬ «ከመቶው ስንቱ ተበላ?» እላለሁ እንጂ «ጠቅላላው ስንት ነው?» ብዬ አላውቅም። ጎጃም በረንዳ ላይ ሰውን ዕድሜውን ትጠይቂያለሽ፣ ሕመሙን ትጠይቂያለሽ፣ ከሚስቱ ጋር ለምን እንደተኳረፈ ትጠይቂያለሽ። ሽያጩን አትጠይቂም።

እንዲህ እያለሁ ዩኒቨርሲቲው አዲስ መመሪያ አወጣ። መምህር ከእንግዲህ የሚመዘነው በጽሑፍ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ማስተማሩ፣ ተተኪ ማፍራቱ፣ ምርምሩ ለሕዝብ ያመጣው ጥቅም፣ ሁሉም የየራሱ ነጥብ አለው። መመሪያ አንብቤ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመለከትኩ። በትምህርት ክፍላችን በአዲሱ መመሪያ የምትመዘን የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ሆንኩ። ጽሑፎቼ ጥቂት ስለነበሩ ነገሩ የተንጠለጠለው በመርካቶው ሥራ ላይ ነበር። እሱ ነጥብ ካገኘ ማዕረጉን አገኛለሁ፤ ካላገኘ ወደቅሁ።

ኮሚቴው ሥራዬን መርካቶ ሄደው የሚያዩ ሁለት ሰዎች መረጠ። አንዱ ሰብሳቢው ነው፤ ተማሪውንም ዘበኛውንም «እርስዎ» የሚል፣ በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሽማግሌ ፕሮፌሰር። ሁለተኛው የስታቲስቲክስ መምህር ነው፤ እሱ በሌለበት ቆጣሪው እንለዋለን። ቆጣሪው አዲሱን መመሪያ አልወደደውም። «የሚወዷት ሰዎች ናቸው የሚመሰክሩላት? የአይጥ ምስክር ድንቢጥ እንዳይሆንብን» አለ፣ በስብሰባ ላይ፣ ፊት ለፊቴ። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ሳይነገራቸው ድንገት እንዲሄዱ፣ እኔም ከአካባቢው እንድርቅ፣ ስልክም እንዳልደውል ተወሰነ። ተናደድኩ፤ ነገር ግን ትክክል ነበር። ተስማማሁ።

በተባለው ቀን ጠዋት አማኑኤል አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ጥፍሬን እበላ ነበር። ጎጃም በረንዳ ላይ የሆነውን ያወቅሁት በኋላ ከየሰዉ አፍ ለቅሜ ነው።

ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች፣ ባጅ አንገታቸው ላይ፣ ፋይል ብብታቸው ውስጥ፣ በረንዳው አፍ ላይ ቆመው ወደ ላይ ወደ ታች ያያሉ። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም፤ የቀን ገቢ ገማች ነው። በየሱቁ ዞሮ፣ ይህ ሰው በቀን ይህን ያህል ይሸጣል ብሎ ገምቶ፣ ለግብር የሚያስመዘግብ። የአንድ ጋሪ ገፊ ፉጨት ከእነሱ ቀድሞ በረንዳውን ዳር እስከ ዳር አዳረሰ። የብረት በሮች እስከ ግማሽ ወረዱ። ጥሩ ጥሩው ኬሻ ወደ ውስጥ ተገፋ። እትዬ ለእንዲህ ያለው ቀን ብለው ያስቀመጧትን፣ ነቀዝ የጨረሳትን አሮጌ ሽምብራ ከጓዳ አውጥተው በራፋቸው ላይ ዘረጉ። ያቺ ሽምብራ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትወጣ ናት፤ ከእትዬ ጋር ብዙ ዘመን አሳልፋለች።

ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሏቸው ጠየቀ። «እናቴ፣ ከቀድሞው ጋር ሲያስተያዩት ገቢዎ ተሻሽሏል?»

ከዚህ የከፋ ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጎ አያገኝም ነበር።

«ገቢ? የምን ገቢ ልጄ!» አሉ እትዬ። «ሥራ እኮ ሞቷል። ለልማድ ነው ከፍተን የምንቀመጠው።»

«በወር ስንት ኬሻ ይሸጣሉ?» አለ ቆጣሪው ብዕሩን አዘጋጅቶ። አሁን ነገሩ ተረጋገጠ።

«ስንት ብዬ ልንገርህ? ኬሻ የሚባል ነገር ካየሁ ቆይቻለሁ።» እትዬ ይህን ያሉት ኬሻ ላይ ተቀምጠው ነው።

«ነቀዝስ ቀንሷል?»

«ነቀዝማ ብሶበታል! ይኸው፣ እየው!» ሽምብራዋን አፈሱለት።

ቆጣሪው ዙሪያውን ቃኝቶ ከረጢት ላይ የተኛችውን ወፍራም ድመት አየ። ማመልከቻዬ ላይ ስለ ድመት አንብቧልና፣ «ይህች ድመትስ?» አላቸው።

«የጎረቤት ናት» አሉ እትዬ።

ከዚያ ስሜን ጠርተው፣ ከማመልከቻዬ ላይ ፎቶዬን እያሳዩ በየመጋዘኑ ዞሩ። «ይህችን ዶክተር ያውቋታል?» አንዱም አላወቀኝም። ሠርጉን የበላሁለት ሰው አላወቀኝም። ሐጂ ዘንድ ሲደርሱ፣ ሐጂ መዋሸት አይሆንላቸውምና፣ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ተመልክተው፣ «እዚህ ብዙ ሰው ይመላለሳል» ብለው መለሱላቸው።

ሰብሳቢው ሻይ ቤት ሳለሁ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ እንደምን አደሩ። የመስክ ምልከታችንን ጨርሰናል። የሚያውቅዎት ሰው አላገኘንም። ነቀዝም እንደጨመረ ነው የተነገረን። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ጥቂት ቀን አለ፤ የሚሉት ነገር ካለ ይዘጋጁ።»  የሻዩን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ተነሳሁ።

ከዚያ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ወደ ጎጃም በረንዳ ወረድኩ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እትዬ እልልታቸውን አቀለጡት።

«መጣች! የኔ ልጅ፣ ዛሬ ከጅብ አፍ ነው ያስጣልንሽ!»

«ምን አደረጋችሁ?»

«ገማቾች ፎቶሽን ይዘው ሲያሳድዱሽ ዋሉ! ምን እንዳስቀየምሻቸው እንጃ። በረንዳው ሙሉ ካደሽ! አንድ ሰው እንኳ አሳልፎ አልሰጠሽም!» ተሸካሚውም፣ ባለጋሪውም፣ የምስሩም ነጋዴ ከበው እንደ ሙሽራ ያዩኛል። ምስጋናዬን ነበር የሚጠብቁት።

«እትዬ፣ የግብር ሰዎች አይደሉም!» ብዬ ጮኽኩ። «የእኔ ገማቾች ናቸው! የሚገምቱት እኔን ነው!»

«አንቺን? ምን ሱቅ አለሽና?»

አስረዳኋቸው። ማዕረጉን፣ መመሪያውን፣ እናንተ አውቃታለሁ ጠቅማናለች ካላላችሁ እንደምወድቅ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።  ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ፣ መልሰው ደፉት።

«እንግዲህ በእኛ የተነሳ ወደቅሽ ማለት ነው» አሉ።

«በእናንተ የተነሳ!»

«ውይ እኔን!» እትዬ አፋቸውን ያዙ። «ድመቷን እንኳ ካድኩ እኮ!»

እኔም ልቆጣ አፌን ከፍቼ በሳቅ ፈረስኩ። ምን ላድርግ? ንዴቴ ከየት እንደመጣ ጠፋኝ። የሳቀው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ተሸካሚው ኬሻውን ጥሎ ግድግዳ ተደግፎ ይስቃል፣ እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። ሐጂ ብቻ አልሳቁም። ያስቡ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ምክክር ተጀመረ። ሙክት ተገዝቶ ሽማግሌ ተልኮ ሰብሳቢው ይለመን ተባለ። «ሙክት ይዛችሁ ብትሄዱ ጉቦ ነው! ጨርሰው ያባርሩኛል!» አልኳቸው። «ታዲያ ባዶ እጅ ሰው ዘንድ ይኬዳል?» አሉ እትዬ፤ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ነበር። ማንም ሰው ዩኒቨርሲቲ ድርሽ እንዳይል አስጠንቅቄ፣ አስምዬ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሺ አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት በቢሮዬ መስኮት ወደ ግቢው በር ሳይ አንድ ሚኒባስ ሙሉ የጎጃም በረንዳ ነጋዴ ይራገፋል። ሙክት አልያዙም፤ በዚህስ ቃላቸውን ጠብቀዋል። በሥራ ቀን መጋዘኑን ዘግቶ መውጣት መርካቶ ውስጥ ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነው የሚደረገው። ሐጂ ከፊት ነጭ ለብሰው፣ እትዬ የበዓል ነጠላቸውን አጣፍተው ይታዩኛል። መጋረጃው ጀርባ ተደበቅሁ። ሰብሳቢው ተጠርቶ ወደ በሩ ሲወርድ አየሁት። የተባባሉትን የነገረችኝ በጥበቃ ላይ የነበረችው ልጅ ናት።

«ትናንት የማናውቃትን ልጅ ዛሬ አውቀናት መጣን» አሉት ሐጂ።

ሰብሳቢው እጅ ነሳቸው። «አባቴ፣ ስለመጡ አከብርዎታለሁ። እዚህ የሚነግሩኝን ግን አልሰማም። ለልመና የመጣ ሰው ምስክር መሆን አይችልም። እኔ ተመልሼ ወደ እናንተ እመጣለሁ። ስመጣ ደግሞ ደጓን ብቻ ሳይሆን ክፉዋንም ትነግሩኛላችሁ። ደጓን ብቻ ከሆነ አልመጣም።»

«ክፉዋማ ስንት አለ!» አሉ እትዬ በደስታ።

ሁለተኛው ጉብኝት የሆነው ሐጂ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰብሳቢው በዚህኛው እኔም እንድገኝ አዘዘ። «ሰው ፊት ለፊቱ ሲነገር ያልሰማው ነገር ላይ ነጥብ አልሰጥም» አለ። «ነገር ግን ዶክተር፣ አንዲት ቃል አይተነፍሱም።» ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። የበረንዳው ሰው በሩ ላይ ተደርድሮ ቆመ። ዝም ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እትዬ ጀመሩ፣ ያውም ከክፉው። «ቁጡ ናት። የኔን መጥረጊያ ‹ይሄ መጥረጊያ ነው የነቀዝ አልጋ?› ብላ አስፋልት ላይ ወርውራዋለች። ለፋሲካ ገበያው ሲደራ መጋዘን ይጠረግ ብላ ደንበኛ አባርራብኛለች። ስንለምናት አትሰማም፣ ስንሰድባት አትሄድም።» ሰብሳቢው አንድም ሳያስቀር ይጽፋል። ጆሮዬ ይግላል። «ተማሪዎቿን ይዛ ትመጣለች። እዚህ ኬሻ ላይ አስቀምጣ ስታስተምራቸው እኔም ሥራ ፈትቼ እሰማለሁ። አንዷ አሁን ባሌ ሄዳ ይሄንኑ ከረጢት ለገበሬው ታሳያለች አሉ፤ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። አይጥ ከረጢቱን የበጣጠሰ ቀን ደግሞ ይቺ ዶክተር እዚህ ቁጭ ብላ አልቅሳለች። አፍንጫዋን የጠረገችው በእኔ ነጠላ ነው፤ ነጠላዬን ላጥብልሽ ብላ ወስዳ እስካሁን አላመጣችም።»

አመጣዋለሁ ልል አፌን ስከፍት ሰብሳቢው ጣቱን አነሳ።

«በማግስቱ ድመት በካርቶን ይዛልኝ መጣች። ይቺውላችሁ።» እትዬ ድመቷን አንስተው ለቆጣሪው አሳዩት። «የኔ ናት። የጎረቤት አይደለችም። ዋሽቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰብሳቢውም ፈገግ አለ። ቆጣሪው ግን አልሳቀም። «ይህ ሁሉ መልካም ነው» አለ። «ፍቅር መሆኑም ይታየኛል። ባለፈው ግን በፍርሃት ዋሻችሁኝ፣ ዛሬ በፍቅር እንደማትዋሹኝ በምን አውቃለሁ? እኔ የምፈልገው የሚቆጠር ነገር ነው። እዚህ መጋዘን ከከረጢቱ በፊት ስንት ገብቶ ስንቱ ይበላ ነበር? ዛሬስ ስንት ገብቶ ስንቱ ይበላል? ጠቅላላውን ሳላውቅ ጉዳቱ ቀነሰ ብዬ አልፈርምም።»

ጠላሁት። ደግሞም ከመሀል እየወጋ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። በበሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ።  ያንን ጥያቄ ጎጃም በረንዳ ላይ በአደባባይ የሚመልስ ሰው እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

ሐጂ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ተናገሩ።

«ክኒኑን ተው ስትለኝ አባርሬያታለሁ። አንዲት ልጅ ንግዴን ልታስተምረኝ ብዬ። ያን ጊዜ ራሴን ይፈልጠኝ ነበር፣ ደረቴን ያፍነኝ ነበር፤ እርጅና ነው እል ነበር። ተመልሳ መጣች፤ አባረርኳት። ደግሞ መጣች። አሁን ደረቴ ደህና ነው፤ ስሰግድ ሱጁድ ወርጄ ስነሳ አያዞረኝም። ይሄን በምን ትቆጥረዋለህ?»

«ይሄንን...» ቆጣሪው ብዕሩን አገላበጠ። «ይሄንን መቁጠር አልችልም አባቴ።»

«እንግዲያው የሚቆጠረውን ልስጥህ» አሉና ነገሩት።

ከረጢቴ ከመምጣቱ በፊት በዓመት ስንት ኬሻ እንደገባላቸው፣ ስንቱን ነቀዝ እንደበላባቸው፣ ዛሬ ስንት እንደሚገባላቸው፣ ስንት እንደሚሸጡ። ድምፃቸውን አልቀነሱም። በሩ ላይ የቆመው ሁሉ ሰማ፤ ተፎካካሪያቸውም ሰማ፤ ጋሪ ገፊውም ሰማ። እትዬ «እግዚኦ!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሐጂ ለሚስታቸው ያልነገሩትን፣ ለልጃቸው ያልነገሩትን፣ ፋይል የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸሸጉትን ቁጥር፣ ፋይል ለያዘ ሰው ነገሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ቀላል ነገር እንዳደረገ ሰው ነበር አስተያየታቸው። እንባዬ ወረደ። ያዘዘኝን ሰብሳቢ አክብሬ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

ቆጣሪው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በልቡ አሰበው፤ ሲቀናንስም አየሁት። ከዚያ ሐጂን ቀና ብሎ አያቸው። ብዕሩን ኪሱ ከተተና ፋይሉን ዘጋ።

«አይጽፉትም?» አለው ሰብሳቢው።

«ሰምቻለሁ» አለ ቆጣሪው። «አይጻፍም።»

ማዕረጉን አገኘሁ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከሁሉ በላይ የተከራከረልኝ ቆጣሪው ነው አሉ፤ «በምን ማስረጃ?» ሲሉት «ቆጥሬዋለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ውሳኔውን የነገረኝ ሰብሳቢው ነው። እንኳን ደስ አለዎት ካለኝ በኋላ መነጽሩን አስተካክሎ፣ «ቁጣዎም በሪፖርቱ ላይ ተመዝግቧል» አለኝ። ጎጃም በረንዳ ስደርስ ሙክቱ በር ላይ ታስሮ ጠበቀኝ። «አሁን ጉቦ አይደለም!» አሉ እትዬ ገና ሳልጠይቃቸው። ነጠላቸውን አጥቤ፣ ተኩሼ አመጣሁላቸው፤ አልቀበልም፣ የተባባሪ ፕሮፌሰር አፍንጫ የነካው ነው ብለው የበረንዳውን ሰው አሳቁብኝ። በረንዳው ላይ ለሳምንት ያህል ከሐጂ ቁጥር ሌላ ወሬ አልነበረም፤ ግን ወሬው ከበረንዳው አልወጣም። እስካሁንም ያንን ቁጥር ወደ ውጭ ያወጣ ሰው አልሰማሁም።

ከቢሮዬ ፊት ለፊት ያለው ባልደረባዬ ታርቆኛል። ቆጣሪው ኮሚቴው ፊት «ቆጥሬዋለሁ» ማለቱን ሰምቶ ኖሮ፣ ሰሞኑን በሬን አንኳኩቶ፣ «ያንን የመጋዘን ቁጥር ሰምተሽዋል አይደል?» አለኝ። «በፊትና በኋላ፣ ጠቅላላ ከነጉዳቱ! እንዲህ ያለ መረጃ ማን አግኝቶ ያውቃል? አንድ ላይ ብናሳትመው ትልቁ መጽሔት ይቀበለናል።» ልክ ነው፤ ይቀበለናል። ቁጥሩም ከአእምሮዬ አልጠፋም፣ አሁን ብትጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እነግራችኋለሁ። ሻይ ጋበዝኩትና ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ጽሑፎቼ አሁንም ጥቂት ናቸው። ቁጥሩን እዚህም አልጽፈውም።